«ናቹራላይዜሽን» በአማርኛ ምን ይባል? የትኛው ቃል ለየትኛው ቦታ

ባለፈው ክረምት ነው። የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኗል፣ ዝናቡ አላባራ ብሏል። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ካለችው ትንሽ ቤቴ ተቀምጬ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ እተይባለሁ። ሥራዬ መተየብ፣ ማመልከቻ መጻፍና ሰነድ መተርጎም ነው። አንዲት እማማ ነጠላቸው እየተንጠባጠበ ገቡና በፌስታል ደጋግመው የጠቀለሉትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። አሜሪካ ያለች ልጃቸው ከውክልናው ጋር የላከችው ነው።

«ልጄ፣ ይቺን ይዤ ስመላለስ ሦስተኛ ቀኔ ነው። አንቀበልም አሉኝ።»

አየሁት። እንግሊዝኛው ደህና ነው። የልጅቷ ፎቶ አለ፣ ቁመቷ ተጽፏል፣ የቀድሞ ዜግነቷ ኢትዮጵያዊ ይላል። ከጀርባው የተያያዘው የአማርኛ ትርጉም ግን አናቱ ላይ በደማቁ «የተፈጥሯዊነት ምስክር ወረቀት» ይላል። ወረድ ሲል ደግሞ «ግለሰቧ ተፈጥሯዊ ተደርጋለች»። እማማ ማንበብ ባይችሉም መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ሲነበብ ሰምተዋል።

«ምን ማለት ነው? የተፈጥሮ ልጄ አይደለችም ነው የሚለው? ወልጄ አይደል እንዴ ያሳደግኳት?»

ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «አብሽሩ እማማ፣ ስለ እርስዎ እናትነት አንድም ነገር አይልም» አልኳቸው። ወረቀቱን እንደገና ተርጉሜ ሰጠኋቸው። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የወሰንኩት ያን ቀን ማታ ነው። እንግሊዝኛው ወረቀት ላይ ያለው «ናቹራላይዜሽን» የሚለው ቃል በሰነድ፣ በመመረቂያ ጽሑፍና በዜና ይመጣል፤ ሰው ደግሞ መዝገበ ቃላት ገልጦ ያገኘውን የመጀመሪያ ፍቺ ይለጥፍበታል።

በመጀመሪያ ሥሩን እንያዝ። «ናቹር» ሲባል ሁላችንም ተራራና ዛፍ ይታየናል። ቃሉ የመጣበት ላቲን ግን ከመወለድ ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ ናቹራላይዜሽን ማለት ከውጭ የመጣን ነገር እዚሁ እንደተወለደ መቁጠር ነው። ተፈጥሮን ተዉትና ውልደትን ያዙ። ከዚያ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። ከውጭ የመጣው ማን ነው፣ ወይም ምንድን ነው? እንደ ተወላጅ የተቆጠረውስ የት ነው? የመጣው ሰው፣ ተክል፣ ቃል ወይም ልማድ ሊሆን ይችላል። አማርኛችን ለእያንዳንዱ የየራሱ ቃል አለው።

ሰው ሲሆን

ሰነድ ላይ ያለኝ ምርጫ አንድ ነው፤ «በሕግ ዜግነት ማግኘት»። ከራሴ አላመጣሁትም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 ዜግነት የሚገኝባቸውን መንገዶች ለሁለት ይከፍላል፤ በትውልድ እና በሕግ። በትውልድ ማለት እናት ወይም አባት ኢትዮጵያዊ ሲሆኑ የሚገኝ ነው። በሕግ የሚባለው የውጭ አገር ሰው አመልክቶ፣ መስፈርት አሟልቶ፣ የታማኝነት መሐላ ፈጽሞ የሚያገኘው ነው። ፈረንጅ ናቹራላይዜሽን የሚለው ይህንኑ ነው። አማርኛው ተዘጋጅቶ ተቀምጦ ሳለ «ተፈጥሯዊ ማድረግ» ማለት ምን አመጣው?

«ዜግነት መቀየር»ስ? ለወሬና ለስፖርት ዜና ጥሩ ነው። ሲፋን ሐሰንን እንውሰድ። ኢትዮጵያ ተወልዳ እ.ኤ.አ. በ2008 በስደት ኔዘርላንድስ ገባች፣ በ2013 የዚያ አገር ዜግነት አገኘች፣ በ2024 ፓሪስ ላይ በኔዘርላንድስ መለያ የማራቶን ወርቅ ወሰደች። ቡና እየጠጣን «ሲፋን ዜግነት ቀይራ ነው እኮ» ብንል ማንም ይግባባል። ሰነድ ላይ ግን አይሄድም፤ ምክንያቱም መቀየር ሲባል አንዱን ጥሎ ሌላውን መያዝ ነው። የአሜሪካው ምስክር ወረቀት ግን ስለጣልሽው ዜግነት የሚወስነው ነገር የለም፣ ስላገኘሽው ብቻ ነው የሚመሰክረው። የቀድሞውን ያሳጣሽ የእኛ ሕግ ነው። በ1996ቱ አዋጅ መሠረት በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊ የኢትዮጵያ ዜግነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል። እነዚህ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ተርጓሚ ሁለቱን በአንድ ግስ ከደፈጠጣቸው ወረቀቱ ያላለውን ነገር አስብሎታል። ደግሞም አገር አልባ ሰው አለ፤ እሱ ዜግነት ያገኛል እንጂ ምኑን ይቀይራል?

«ሲቲዝን ሆነች» ወይም «ሲቲዝን ወሰደች» የስልክ ቋንቋ ነው። እኔም እለዋለሁ። ማኅተም የሚያርፍበት ወረቀት ላይ ግን አልጽፈውም።

አንድ ስውር ወጥመድ አለ፣ ብዙ ተርጓሚ ይወድቅበታል። የናቹራላይዜሽን ወረቀትን «የዜግነት ምስክር ወረቀት» ብሎ መተርጎም ትክክል ይመስላል። አሜሪካ ግን በዚህ ስም በቀጥታ የሚጠራ ሌላ ወረቀት አላት። እሱ በወላጆቹ በኩል ዜግነት ላገኘ ሰው የሚሰጥ ነው። ሁለቱን ለመለየት እኔ የመጀመሪያውን «በሕግ የተገኘ ዜግነት ምስክር ወረቀት» እለዋለሁ። ረዘመ፣ አውቃለሁ። እማማ ግን አራተኛ ቀን አልተመላለሱም።

እንግሊዝ አገር ደግሞ ምዝገባ የሚባል የዜግነት መንገድ ለብቻው አለ፤ በተለይ ለልጆች ይሠራል። ስለዚህ ከለንደን የመጣ ወረቀት ላይ ናቹራላይዜሽንን «የዜግነት ምዝገባ» ካላችሁት በሌላ በር አስገባችሁት።

አሁን ደግሞ ናቹራላይዜሽን ያልሆኑትን እንለይ፤ ብር የሚያስከስረው ይሄኛው ነው።

ግሪን ካርድ ዜግነት አይደለም። የመኖሪያ ፈቃድ ነው፤ ባለቤቱ ኢትዮጵያዊነቱን እንደያዘ ነው። አሜሪካ ዜግነት ለመጠየቅ በአብዛኛው ከግሪን ካርድ በኋላ 5 ዓመት መቆየት ያስፈልጋል፣ የአሜሪካ ዜጋ አግብቶ አብሮ ለሚኖር 3 ዓመት። ማመልከቻው ኤን-400 ይባላል። የቤተሰብ ሰው «ወረቀት አገኘ» ሲላችሁ የትኛውን ወረቀት ብላችሁ ጠይቁ። የመታወቂያውም፣ የውርሱም፣ የውክልናውም ጉዳይ በዚህ መልስ ላይ ይንጠለጠላል።

ኢቃማም ዜግነት አይደለም። ወሎ ውስጥ ሳዑዲ ያልሄደ ዘመድ የሌለው ሰው ማግኘት ይከብዳል፤ ስለዚህ ይህን ደጋግሜ አስረዳለሁ። ኢቃማ በአሠሪ የተያዘ፣ የሚታደስ የመኖሪያ ፈቃድ ነው። ዜግነትን ዓረቦቹ ጂንሲያ ይሉታል። ከዚያ የምትመጣ ልጅ ወረቀቷ ላይ ጂንሲያ ከሚለው ጎን ኢትዮጵያ ተብሎ ከተጻፈ ዜግነቷን እየገለጸ ነው እንጂ አዲስ ነገር አልሰጣትም።

ቢጫ ካርድ የምንለው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያም እንዲሁ። እሱ በ1994ቱ አዋጅ ቁጥር 270 የመጣ ነው። የውጭ ዜጋ ሆኖ ቀድሞ ኢትዮጵያዊ ለነበረ፣ ወይም ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ ወይም ከቅድመ አያቶቹ ቢያንስ አንዱ ኢትዮጵያዊ ለነበረ ሰው የሚሰጥ ነው። ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራል፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ የውጭ ዜጋ የማይንቀሳቀስ ንብረት እንዳይዝ ያስቀመጠው ገደብም አይመለከተውም። መምረጥና መመረጥ ግን አይችልም። በመከላከያ፣ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶችም በቋሚነት አይቀጠርም። ይህን ካርድ የያዘ ሰው ዘመድ ነው፣ ዜጋ ግን አይደለም። «ኢትዮጵያዊነቷን መለሰች» ብሎ መጻፍ ስህተት ነው። መመለስ ሌላ ሂደት ነው፤ አገር ገብቶ መኖር፣ የውጭውን ዜግነት መተውና ማመልከት ይጠይቃል። እሱን «ዜግነት መልሶ ማግኘት» በሉት።

ወደዚህ የሚመጣ ሰውስ? ኮምቦልቻ ውስጥ ለዓመታት የኖረ የውጭ አገር ሰው ኢትዮጵያዊ ልሁን ቢል አዋጁ ቢያንስ 4 ዓመት አገር ውስጥ መኖርን፣ ራሱንና ቤተሰቡን የሚያስተዳድርበት ሕጋዊ ገቢን፣ መልካም ጠባይን፣ ከወንጀል ነጻ መሆንን ይጠይቃል። ከቀድሞ ዜግነቱ መልቀቁን ወይም መልቀቅ መቻሉን ማሳየትም አለበት። ከአገሪቱ ቋንቋዎች በአንዱ መግባባት ይበቃዋል፤ አማርኛም ይሁን ኦሮምኛ። የ1922ቱ ሕግ 5 ዓመት ይጠይቅ ነበር፣ ቋንቋውም አማርኛ ብቻ፣ ያውም መናገር ከነመጻፉ። ኢትዮጵያዊ ላገባ ደግሞ መንገዱ ያጥራል፤ 2 ዓመት ጋብቻና 1 ዓመት ኑሮ።

ተክል ሲሆን

የግብርና ተማሪዎች ጽሑፍ ሲመጣልኝ ትግሉ ሌላ ነው። «ይህ አረም በኢትዮጵያ ዜግነት አግኝቷል» የሚል አርፍተ ነገር አይቼ አውቃለሁ። ከልቡ ነው የጻፈው፣ የእኔን የሰነድ ቃል ወስዶ።

እዚህ ላይ ሦስት ቃላት ይፎካከራሉ፤ መላመድ፣ መዛመትና መውረር። ልዩነታቸውን ሁለት የሰፈራችን ተክሎች በደንብ ያሳዩናል።

ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ ነው የመጣው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ማገዶ ሲያጥራት የገባ ዛፍ ነው። ስሙ ራሱ ከባሕር ማዶ መምጣቱን ይናገራል። ዛሬ የደሴን ዙሪያ ገባ ተመልከቱ፣ ያለ ባሕር ዛፍ የምናውቀው ደሴ የለም። ግን አብዛኛው በሰው እጅ የተተከለ ነው። ሲቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል እንጂ በየማሳው በራሱ ዘር እየሮጠ አይገባም። ለዚህ «ተላመደ» ይበቃል፤ አፈሩንም ብርዱንም ለመደ ማለት ነው። ሳይንሱ ናቹራላይዝድ ለማለት ከዚህ ይበልጥ ይጠይቃል። ተክሉ ማንም ሳይዘራው፣ ማንም ሳያጠጣው፣ ትውልድ እየተካ መቀጠል አለበት።

ቅንጬ አረም ይህን ያሟላል። አበባው ነጫጭ ነው፣ የተከካ ቅንጬ ይመስላል። ከኮምቦልቻ ወጣ ስትሉ የመንገድ ዳር ላይ ታገኙታላችሁ። የትውልድ አገሩ የአሜሪካ አህጉር ሞቃታማው ክፍል ነው። ወደ እኛ የገባው ከእርዳታ እህል ጋር ተቀላቅሎ እንደሆነ ይታመናል፤ በ1980ዎቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር መጀመሪያ ከታየባቸው ቦታዎች መካከል ድሬዳዋና ደሴ በእርዳታ ማከፋፈያዎች አካባቢ ይጠቀሳሉ። ይህን ሳነብ ልቤ ከብዶኝ ነበር። በዚያ የረሃብ ዘመን ነፍስ ለማዳን ከመጣው እህል ጋር ነው የገባው። አንዱ እግር ከ10,000 በላይ ዘር ይጥላል። ቆዳ ያሳክካል፣ የበላችው ላም ወተቷ ይመራል።

ስለዚህ የእኔ ምክር ይህ ነው። ተክሉ ከአየር ንብረቱ ጋር ከተስማማ ብቻ «ተላመደ»። ያለ ሰው እርዳታ በራሱ የሚራባ ከሆነ «በራሱ እየተራባ ተዛመተ»፤ ናቹራላይዝድ ማለት ይህ ነው። ሰብልና ግጦሽ የሚያጠፋ ከሆነ «ወራሪ አረም»። ቅንጬ አረም ሁለተኛውን አልፎ ሦስተኛው ላይ ከደረሰ ቆይቷል። «ሀገር በቀል ሆነ» ግን በፍጹም አትበሉ። ሀገር በቀል ከመነሻው እዚህ የበቀለ ነው። ተክል መቶ ዓመት ቢቆይ ይዛመታል እንጂ ሀገር በቀል አይሆንም።

ቃል ሲሆን

ደስ የሚለኝ ክፍል ይሄ ነው። ቋንቋም እንግዳ ይቀበላል። «የውሰት ቃል» የሚባለውን ሁላችሁም በትምህርት ቤት ሰምታችሁታል። ግን የውሰት ቃልና ናቹራላይዝድ የሆነ ቃል አንድ አይደሉም። የውሰት የሚለው ከየት እንደመጣ ነው የሚነግረን። ሁለተኛው ምን ያህል እንደተዋሐደ ነው።

ኮምቦልቻ ጋራዥ ግቡና አዳምጡ። ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን። ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ ፍሬን እንቢ ያለው ሾፌር የጣሊያንኛ ቃል እየጠራሁ ነው ብሎ አያስብም። እኔ የምሠራበት ሰፈርም ፒያሳ ነው፣ ጣሊያንኛ አደባባይ ማለት። እነዚህ ቃላት አማርኛ ሆነዋል፤ ጎማችን፣ ፍሬኑ፣ ጎሚስታዎቹ እያልን እንደ ራሳችን ቃል እናረባቸዋለን።

ከሁሉም የጠለቀው ግን ፊርማ ነው። ጣሊያንኛ ነው። ስም ሆኖ ገባ፣ ከዚያ ሥር ሰደደና ግስ ሆነ፤ ፈረመ፣ ይፈርማል፣ አስፈረመ፣ ተፈራረሙ። ፈለገ ብለን እንደምናረባው አረባነው። ይህ የመጨረሻው ደረጃ ነው። በተቃራኒው «አፕዴት አደረገ» የሚለውን እዩ። ያለ «አደረገ» መቆም አይችልም፣ ገና በእንግድነት በረንዳ ላይ የተቀመጠ ነው። ቅንጬ አረምን ሐረርጌ ውስጥ በኦሮምኛ ፈረምሲሳ ይሉታል፣ መሬትህን አስፈርሞ የሚያስለቅቅ ለማለት። የተዋሐደ ቃል ለተዛመተ አረም ስም ወጣለት ማለት ነው።

ለቋንቋ ጽሑፍ ስለዚህ «የተዋሐደ ቃል» ወይም በቀላሉ «አማርኛ የሆነ ቃል» ምረጡ። «የለመድነው ቃል» ደካማ ነው፤ አፕዴትንም ለምደነዋል።

ልማድ ሲሆን

የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች ሲጠቀሙት ነገሩ ይገለበጣል። እዚህ ሰው የሠራውን ነገር ከተፈጥሮ የመጣ ማስመሰል ማለት ነው። ሴት ልጅ ማጀት መዋሏን «ድሮም እንዲህ ነው፣ ተፈጥሮዋ ነው» ሲሏት ያ ናቹራላይዜሽን ነው። የሥራ ክፍፍሉን ሰው ነው ያወጣው፣ ተፈጥሮ ላይ ግን ተላከከ። ተፈጥሮ የሚለው ቃል ተገቢ ቦታውን የሚያገኘው እዚህ ብቻ ነው። «እንደ ተፈጥሮ ሕግ ማስቆጠር» ስል መምህራኑም ተስማምተውልኛል። «የተለመደ ማድረግ» ከሚለው ለዩት። የተለመደ ነገር ልክ እንዳልሆነ እያወቁም ይኖሩበታል፤ ከተፈጥሮ ነው የተባለን ነገር ግን ማንም አይጠይቀውም።

ፈረንሳይኛ ላይ ደግሞ ይኸው ቃል የሞተ እንስሳ ቆዳ ተገፎና ተሞልቶ በቁሙ እንዲቀመጥ ማድረግንም ይጨምራል። ከሙዚየም የመጣ የፈረንሳይኛ ጽሑፍ ላይ «ናቹራላይዝ የተደረገ አንበሳ» ካያችሁ አንበሳው ፓስፖርት አላወጣም፣ «ተሞልቶ የቆመ» ብላችሁ እለፉት።

ቃሉን እንዳለ «ናቹራላይዜሽን» ብሎ መተው ይቻላል? ለተማረ አንባቢ በሚጻፍ ጽሑፍ አንድ ጊዜ ጠቅሶ ከጎኑ አማርኛውን ማስከተል ጥሩ ነው። ለእማማ በሚሰጥ ወረቀት ላይ ግን አይሆንም።

የመጨረሻው ማስጠንቀቂያዬ ስለ መንታው ነው፤ ናሽናላይዜሽን። በእንግሊዝኛ በጥቂት ፊደል ይለያያሉ፣ በትርጉም ሰማይና ምድር ናቸው። ናሽናላይዜሽን መውረስ ነው፣ ንብረትን ወደ መንግሥት ማዞር። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ሲወርስ ደሴም እንደ ሌላው ከተማ ቀምሳዋለች፤ ሽማግሌዎቻችን «ተወረሰ» ሲሉ ዛሬም ድምፃቸው ይቀየራል። ባለፈው ወር አንድ ጋሼ ከአራዳ ሰፈር ወፍራም ፋይል ይዘው መጡ። ውጭ ላለው ልጃቸው ጠበቃ ወደ እንግሊዝኛ የሚመለስ ነው። አንደኛው ገጽ በ1967 ስለተወረሰው ቤት ነው። ሌላኛው ልጃቸው የውጭ ዜግነት ስላገኘበት ቀን። ሁለቱ ቃላት በአንድ ፋይል፣ በሁለት ገጽ ልዩነት ተቀምጠዋል። ጋሼን አጠገቤ አስቀምጬ እያንዳንዱን መስመር ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። «ቤቱ?» «ተወረሰ።» «ልጄስ?» «ዜግነት አገኘ።» «እንዲያ ነው» አሉ፤ ከዚያ ወረቀቱን አትሜ ማኅተሙን መታሁበት።